ከዳንግላ የተላከው ቁልፍ

በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በአንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንጅባራ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ወይዘሮ አለሚቱ የተባሉ ሴት ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» አሉ። የጠሯቸው ዳኞች ባሕር ዳር ነበሩ። አልሰሟቸውም።

እኔ ከሴትዮዋ በስተጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ያኔ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ሥራውን ከጀመርኩም አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። ወደ እንጅባራ የመጣሁት ስለ ፕላዝማ ችሎት አጭር ዘገባ ለመሥራት ነው። ተከራካሪዎቹ እዚያው ባሉበት ከተማ ይቀመጣሉ፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች ባሕር ዳር ይሰየማሉ፤ በቴሌቪዥን እየተያዩ ክርክሩ ይሰማል። ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ፣ አልጋ ይዞ፣ ቀጠሮ ሲለወጥበት ባዶ እጁን እንዳይመለስ የታሰበ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ይህንኑ የሚናገር ሰው ድምፅ ቀድቼ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ሚኒባስ ለመመለስ አስቤ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ብርሃን ካሜራውን እንዳይረብሽ መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። ካሜራው አይዞርም። ስለዚህ ተከራካሪ የሚታየው ወለሉ ላይ በጠመኔ ከተሰመረው ክብ ውስጥ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ክቡ ውስጥ ሁለት ወንበሮች የተቀማጮቹ ክርን እስኪነካካ ተጠጋግተዋል። በአንዱ ወይዘሮ አለሚቱ፣ በሌላው አቶ ቢተው ተቀምጠዋል። አቶ ቢተው የሟች ባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ማለትም ዋርሳቸው ናቸው። በዚህ መዝገብ ደግሞ መልስ ሰጪ፣ ተቃራኒ ወገን። ሁለቱም ከአዘና አካባቢ በአንድ ጠዋት፣ ግን በተለያየ መኪና መጥተዋል።

ክርክሩ በአንድ የቀርቀሃ ማሳ ላይ ነው። ባልየው ከሞቱ በኋላ ወንድምየው «የአባቴ ነው» አሉ፤ ሚስትየዋ «ከባሌ ጋር የተከልነው ነው» አሉ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለወንድም ፈረዱ። ወይዘሮ አለሚቱ ይግባኝ ጠይቀው ፍርዱ እንዳይፈጸም አሳገዱ። እግዱ የሚያበቃው በዚያው ረቡዕ ነበር። ዳኞቹ ቃላቸውን ሰምተው ካላራዘሙት አቶ ቢተው በማግስቱ መጥረቢያ ይዘው መግባት ይችላሉ። ችሎቱ ደግሞ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነው የሚገኘው።

«እስከ ጥቅምት አንድ ዘንግ አይተርፈኝም» ብለውኝ ነበር ሴትዮዋ፣ ከመግባታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ።

አስተናባሪው፣ ማለትም የችሎቱን ሥርዓት የሚያስጠብቀው ሠራተኛ፣ በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ዘግቶታል። መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ችሎት ላይ ነን ማለት ነው። ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።

በቴሌቪዥኑ ላይ ሦስት ዳኞች ይታያሉ። የመሐለኛው ቀና ብለው፦

«ይግባኝ ባይ ወይዘሮ አለሚቱ ቀርበዋል?» አሉ።

«አቤት! አለሁ!»

የዳኛው ፊት አፋቸው እንደተከፈተ ቆመ። ድምፁ ተቆራረጠ። ቆይቶ ምስሉ ሲመለስ «አይታየንም፤ ድምፅም የለም» የሚል ቃል ደረሰን። ወይዘሮ አለሚቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አለሁ እኮ! እዚህ ነኝ!»

«ይቀመጡ እማማ፣ ከክቡ ከወጡ ጭራሽ አይታዩም» አለ አስተናባሪው።

ስልኩ ጮኸ። ከባሕር ዳር የችሎቱ ጸሐፊ ናት። መስመሩ እስኪስተካከል ዳኞቹ ሌሎች መዝገቦችን እንደሚያዩ ነገረችው። «ተከራካሪዎቹ ከቦታቸው እንዳይነሡ፤ በማንኛውም ሰዓት ይጠራሉ» ብላ ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ አስተናባሪው።

«ትዕግስት ነኝ፣ ከአይሲቲ።»

«ችሎት ላይ ነን!»

«ችሎቱማ ጠፍቶብሃል፤ እሱን ልፈልግልህ ነው የመጣሁት። ክፈት።»

ትዕግስት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ ላፕቶፗን ከዝናብ ለማዳን በጃኬቷ ውስጥ አቅፋዋለች። የክፍሉን መሣሪያዎች የሚያውቀው የሥራ ባልደረባዋ አበራ መሆኑን፣ እሱ ግን ለሌላ ሥራ ዳንግላ መሄዱን ቁጭ ስትል ነገረችን። ላፕቶፗን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝታ ወደ ባሕር ዳር ትንንሽ የሙከራ መልእክቶች ላከች። ሁሉም ተመለሱ።

«መስመሩ ንጹሕ ነው» አለች።

ባሕር ዳር ላለው ባለሙያ ደወለች። እሱም ከራሱ ወገን ሞክሮ «እዚህም ንጹሕ ነው» አላት።

ካሜራችንን አጠፋች። ዳኞቹ እንደ መስታወት ጥርት ብለው መጡ፤ የሌላ ሰው መዝገብ ሲያገላብጡ ይታያሉ። ካሜራችንን አበራች። ወይዘሮ አለሚቱ «አለሁ» አሉ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ሌላ ኬብል ቀየረች፤ ያው ነው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃል ያልተነፈሱት አቶ ቢተው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳቁ።

«ዝም ብለህ ስትሰማ ደህና ነው፤ አፍህን ስትከፍት ይቋረጣል። የቀበሌ ስብሰባ እኮ ነው!»

ትዕግስት ዞረች። «ምን አሉ ጋሼ?»

«ኧረ ቀልዴን ነው፣ ልጄ።»

«አይ፣ ልክ ነዎት።»

ሪሞቱን አንሥታ የፕላዝማውን መሣሪያ ማውጫዎች አንድ በአንድ ከፈተች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች። «ሃፍ» አለች ለራሷ። «ሃፍ ላይ ነው።»

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሥራዬ ነው። እሷም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል አስረዳችኝ። ሁለት መሣሪያዎች በኬብል ሲገናኙ መጀመሪያ በራሳቸው ይደራደራሉ፦ በምን ፍጥነት እንነጋገር፣ በየተራ ወይስ እኩል? ተስማምተው እኩል ከሆነ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይናገራሉም ይሰማሉም፤ ይህ ፉል ይባላል። ድርድሩ ካልተሳካ ግን የሚደራደረው ወገን «በየተራ» የሚለውን ይይዛል። ሃፍ የሚባለው ይህ ነው። ያኛው ወገን እኩል የሚያወራ ከሆነ ደግሞ አንዱ ተራ ሲጠብቅ ሌላው በላዩ ላይ ይናገርበታል፣ ቃሉም ይጋጫል። ትንሽ መልእክት ሲሆን አይታወቅም። ምስል ከሁለቱም ወገን ሲጫን ግን ይፈርሳል።

«ይኸኛውን አየሁ፤ ያኛው ምን ላይ እንዳለ ማየት አለብኝ» አለች።

ያኛው ስዊቹ ነው፤ የሕንፃው ኬብሎች ሁሉ ፖርት በሚባሉ መሰኪያዎቹ የሚገናኙበት መሣሪያ። ያለውም እዚያው ክፍል ጥግ፣ በግራጫ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ትዕግስት እጀታውን ያዘች። አልነቃነቅ አለ። አስተናባሪውም ሞከረ። አልከፈትም አለ።

«ይኸን የፕላዝማውን መሣሪያ ብትለውጪውስ?» አልኳት።

«ማየት ነው የምችለው። ለመለወጥ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እሱ ያለው አበራ ጋ ነው።»

ለአበራ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የስልኩ ኔትወርክም ይመጣል ይሄዳል።

«አበራ! የፕላዝማው ፖርት በስዊቹ በኩል ምን ላይ ነው ያለው?»

«...ባለፈው ሳምንት ይዋዥቅ ስለነበር... እኔ ራሴ... ቆልፌዋለሁ... ማንም እንዳይነካው...»

ተቋረጠ። ደግማ ብትደውል አይገኝም።

«ቆልፎታል» አለ አስተናባሪው።

ሁላችንም ወደ ሳጥኑ ዞርን። ትዕግስት አጭር መልእክት ጻፈች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ቁልፉን በሚኒባስ ላክልን። በአስቸኳይ።» አስተናባሪው በሩን ገርበብ አድርጎ የሕንፃውን ዘበኛ ጠራና መናኸሪያ ሄዶ ከዳንግላ የሚገባውን ሚኒባስ ሁሉ «ዕቃ ተልኳል?» እያለ እንዲጠይቅ ላከው። መቀርቀሪያውን መልሶ አስገባ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

በሥራዬ ብዙ ጠብቄያለሁ፤ የዚያን ቀኑ ግን የተለየ ነበር። መስመሩ ክፍት ስለሆነ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። የሌላ ሰው ክርክር ያለድምፅ ይታያል። ሴትዮዋ ከጠመኔው ክብ መውጣት አይችሉም፤ ሰውየውም አይችሉም። ጉልበታቸው እንዳይነካካ ሁለቱም እግራቸውን ወደ ተቃራኒ ጎን አዙረው ተቀምጠዋል። ብርዱ ከሲሚንቶው ወደ ላይ ይወጣል።

ወይዘሮ አለሚቱ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ትዕግስት ጎንበስ ብላ «እማማ፣ መጸዳጃ ቤት ላድርስዎት?» አለቻቸው።

«ስሜ ቢጠራስ?»

«ቶሎ እንመለሳለን።»

«አይሆንም። እያለሁም የለሽም እየተባልኩ፣ ወጥቼማ...» አሉና ነጠላቸውን አጠበቁ።

ትዕግስት ሳጥኑን በመፍቻ እንስበረው አለች። አስተናባሪው ከፊቷ ቆመ። «የመንግሥት ንብረት ሰብረሽ ተጠያቂው እኔ? እንዳታስቢው!» ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እሷ መሬት ላይ፣ ሳጥኑን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አስተናባሪው እጁ በወረቀት ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዳኞቹ መዝገቡን ሊዘጉት ነው» አለች ጸሐፊዋ። «ይግባኝ ባይዋ አልቀረቡም ተብሎ።»

«እንዴት አልቀረቡም? ከፊቴ ተቀምጠዋል!» አለ አስተናባሪው።

«ዳኞቹ አላዩአቸውም። መስመሩ ላይ ብልሽት የለም ተብሏል፤ ከሁለቱም ወገን ተሞክሮ።»

«ጋዜጠኛ ነኝ» አልኩ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ሴትዮዋን እያየኋቸው ነው።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ የመዝገቡ ተከራካሪ አይደሉም።» ከሌላ ሰው ጋር ስትነጋገር ይሰማል። «መልስ ሰጪው አሉ? እሳቸው መቅረባቸውን ካረጋገጡ ይመዘገባል ብለዋል።»

ሁላችንም አቶ ቢተውን አየን። ወይዘሮ አለሚቱ ብቻ አላዩአቸውም፤ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለዋል።

አቶ ቢተው ወደ ስልኩ ዞሩ። «ልጄ፣ አልቀረበችም ካልኩ ምን ይሆናል?»

«መዝገቡ ይዘጋል።»

«እግዱስ?»

«ይነሣል።»

«ቀርባለች ካልኩስ?»

«እስከ ምሳ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ዳኞቹ ይነሣሉ።»

አጎንብሰው የጠመኔውን መስመር አዩ። አስተናባሪው ስልኩን ወደሳቸው ገፋ አደረገው። እኔ በዚያች ቅጽበት የቴፔን ቁልፍ መጫኔን አላስታውስም፤ ኋላ ሳዳምጠው ግን ዝናቡም ቃላቸውም ተቀድቷል።

«ከጎኔ ናት» አሉ አቶ ቢተው። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ የተቆጡ ይመስላሉ። «ብትሞት ለቅሶ የምቀመጥላት እኔ ነኝ፤ በቁሟ የለችም ልበል እንዴ!»

«ቀርበዋል ብዬ ልመዝግብ?»

«መዝግቢ።»

ወይዘሮ አለሚቱ አሁንም አልዞሩም። እጃቸው ግን የወንበሩን ጠርዝ ለቀቀ።

ዘበኛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ እየተንጠባጠበ ገባና በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ቁልፍ ለትዕግስት ሰጣት። ከዳንግላ የመጣ ሹፌር ሰጥቶት ነው። ትዕግስት ብድግ ብላ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። እጀታው ላይ ያለችውን፣ የቁልፍ ቀዳዳ መሸፈኛ የምትመስል ክብ የላስቲክ ክዳን በጥፍሯ አነሣች። ከሥሯ አንድ ብሎን ብቻ አለ።

«ቀዳዳ የለውም» አለች።

አስተናባሪው በስልኩ መብራት አየ። ዘበኛው አየ። እኔም አየሁ። የቁልፍ ቀዳዳ የለውም።

የትዕግስት ስልክ ጮኸ። አበራ ነው፤ አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። የት ነው የምከተው?»

«በሩ ላይ ነዋ።»

«የምን በር?»

«የቢሮዬ! ቁልፍ ላክ አላልሽም? ከቢሮዬ ዕቃ የፈለግሽ መስሎኝ ነው የላክሁት።»

«የሳጥኑን ነው ያልኩህ! ቆልፌዋለሁ አላልክም?»

«ሳጥኑ መቼ ቁልፍ ኖሮት ያውቃል? የቆለፍኩት ፖርቱን ነው! ይዋዥቅ ነበር፤ ፍጥነቱን መቶ፣ አነጋገሩን ፉል አድርጌ ቆለፍኩት።»

ትዕግስት ዓይኗን ጨፈነች። «በስዊቹ ወገን ብቻ?»

ስሙን ጠራችው፦

«አበራ።»

«...የፕላዝማውንም መቆለፍ ነበረብኝ። እመለሳለሁ ብዬ ነው።»

«ስለዚህ የእኛው ሲጠይቅ ያንተው አይመልስለትም።»

«አይመልስም። የተቆለፈ አይደራደርም።»

«ሳጥኑንስ እንዴት ነው የምትከፍተው?»

«ክረምት ላይ በርጥበቱ ይጣበቃል። እጀታውን ወደ ላይ አንሥተሽ፣ ከታች በጉልበትሽ ግፊው።»

በጉልበቷ ገፋችው። ተከፈተ።

ላፕቶፗን ከስዊቹ ጋር አገናኝታ የአበራን ትእዛዝ ሰረዘች፤ ፖርቱን ወደ ራስ በራስ ድርድር መለሰችው። የፕላዝማውን ኬብል ነቀለች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ሰካች። አረንጓዴ መብራት በራ።

«በቃ?» አለ አስተናባሪው።

«አልበቃም። መብራቱማ ቅድምም በርቶ ነበር።»

ስዊቹ የሚለውን አነበበች፦ መቶ፣ ፉል። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፕላዝማው ማውጫ ሄደች። እዚያም መቶ፣ ፉል። ተመልሳ የሚጋጩትን መልእክቶች የሚቆጥረውን የስዊቹን የስህተት መቁጠሪያ ዜሮ አደረገችው። ባሕር ዳር ላለው ባለሙያ ደውላ ካሜራው ፊት እንዲቀመጥና ሳያቋርጥ እንዲያወራ ነገረችው። ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች ዞረች።

«አሁን ጫና እፈልጋለሁ። እናንተም አውሩ። እሱ እያወራም ቢሆን አታቁሙ።»

«ምን እናውራ?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

«የፈለጋችሁትን። ዝም እንዳትሉ ብቻ።»

በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወጣት ብቅ አለና ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ያዘ። ወይዘሮ አለሚቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋርሳቸው ዞሩ። የሆነ ነገር በአዊኛ አሏቸው። አጭር ነበር። አቶ ቢተው በአዊኛ መለሱ። ከዚያ ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፤ ሰውየው አቋረጧቸው፣ ሴትዮዋም መልሰው አቋረጧቸው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ወጣቱ በላያቸው ላይ ይቆጥራል። ምስሉ አልቆመም። ትዕግስት መቁጠሪያውን አየች። ዜሮ ነው። እንዲያቆሙ በእጇ ምልክት ሰጠች። አላዩአትም።

አዊኛ አልችልም። አስተናባሪው ይችላል፤ እሱ ወለሉን እያየ ነበር።

«ምን ተባባሉ?» አልኩት ኋላ።

«ሙከራ ነበር እኮ» አለኝ።

ዳኞቹ ከምሳ በፊት ተመለሱ። መሐለኛው ቀና ብለው «ይግባኝ ባይ ወይዘሮ አለሚቱ ቀርበዋል?» አሉ።

«አቤት። አለሁ።»

«ይታያሉ። ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። የሁለቱም ቃል ያለመቆራረጥ ተሰማ፤ እግዱም እስከ ጥቅምት ተራዘመ። አስተናባሪው መቀርቀሪያውን ሲስብ ወይዘሮ አለሚቱ ማንንም ሳያመሰግኑ ሮጠው ወጡ። ወዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት የፍርድ ቤት ወሬ ለእኔ ውሳኔው ብቻ ነበር፦ ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አለቃዬን ጠይቄ የችሎት ዘጋቢ ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። በሥራዬ «አልቀረቡም» የሚለውን ቃል በየቀኑ አነብባለሁ። ባነበብኩት ቁጥር ያ ጥቁር መጋረጃ ያለበት ክፍል ይታየኛል። ሰው ተቀምጦ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ «አለሁ» እያለ፣ በወረቀት ላይ የሌለ ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ወገን እያንዳንዱ በራሱ ተጠይቆ «እኔ ጋ ንጹሕ ነው» ማለቱ መሐላቸው ያለውን እንደማይነግረኝም የተማርኩት እዚያው ነው። ትዕግስት ሁለቱንም ጫፍ በዓይኗ እስክታይ «በቃ» አላለችም። እኔም አሁን አልልም። አዘጋጆቼ አዘገየኸን ይሉኛል።

የዚያን ቀኑን ዘገባ ሠርቻለሁ። ሁለቱ በአዊኛ የተባባሉትን አላካተትኩም፤ የሚያረጋግጥልኝ አላገኘሁም።

ውሳኔው የተነበበው በጥቅምት ነው። የሥር ፍርድ ቤቶች ፍርድ ተሽሮ ቀርቀሃው ለወይዘሮ አለሚቱ ተወሰነ። አቶ ቢተው ለሰበር አቤቱታ የማቅረብ መብት ነበራቸው። የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ መዝገብ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። አላቀረቡም።